በሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ የመኰንን ስም፤ ከካርቱም የሚገኝ ትምህርት



የስም ነገር በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ታይቶ አያውቅም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ደግሞም «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይባላል። ለአንድ ሕፃን ስም ሲወጣለት አባትና እናት፣ አያትና የክርስትና አባት ይማከሩበታል። ለሕዝብ መገልገያ የሚሆን ቤት ስም ሲወጣለት ግን ብዙ ጊዜ የሚማከሩት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ በቤቱ የሚገለገለው ሕዝብ ስሙን የሚሰማው ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ የአንድ ዓይነት ቤት ስም ነው። ይኸውም ለአገር ዘምተው የተመለሱ፣ ዛሬም በእርጅና፣ በአሮጌ ቁስልና በደዌ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙበት ክሊኒክ በአንድ በተከበረ መኰንን ስም ሲሰየም ነው። እንዲህ ያለው አሳብ በየአገሩ ይነሣል፤ ሲነሣም የሚቃወም ሰው አይገኝም። ለጀግና መታሰቢያ ማድረግን የሚጠላ የለምና። ይሁን እንጂ ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ስሙ ለታማሚው ምን ይጠቅመዋል? ስሙስ በምን ይጸናል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ከተማ ቢፈለግ፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከካርቱም የተሻለ አይገኝም። በዚያ ከተማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሦስት ታላላቅ የትምህርትና የሕክምና ቤቶች በሦስት የጦር መኰንኖች ስም ተጠርተው ነበር። ሦስቱም ስሞች ዛሬ ከደጃፋቸው ወርደዋል። በዚያው ከተማ አንድ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው መኰንን በወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ሞቶ፣ ስሙ ያለ ሰሌዳ በሕዝብ አፍ ኖሯል። ካርቱም ለኢትዮጵያም የባዕድ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ በስደት ዘመን የአርበኞች መሰብሰቢያ ነበረች። በዚህ ንግግር የኢትዮጵያ ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሌላው አገር ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ይነገራል።

የመጀመሪያው ስም የጄኔራል ቻርልስ ጎርዶን ነው። ጎርዶን የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር መኰንን ነበር። በ1884 በግብጽ መንግሥት ሥር የነበረውን ጦርና ሠራተኛ ከሱዳን እንዲያስወጣ ወደ ካርቱም ተላከ። በመሐዲው ጦር ተከቦ ከ10 ወራት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ጥር 26 ቀን 1885 ከተማዪቱ ስትያዝ ተገደለ። ሊረዱት የተላኩት መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ ሱዳንን የያዘው ጄኔራል ኪችነር ለጎርዶን መታሰቢያ ኰሌጅ ለመሥራት 100,000 ፓውንድ እንዲዋጣ የእንግሊዝን ሕዝብ ለመነ፤ ገንዘቡም በአጭር ጊዜ ተገኘ። የጎርዶን መታሰቢያ ኰሌጅ በ1902 ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይስተዋላል። ገንዘቡን ያዋጣው የለንደን ሕዝብ ነው። ያዘነውም የለንደን ሕዝብ ነው። ኰሌጁ የተሠራው ግን ለሱዳን ልጆች ነው። በአንድ በኩል የኀዘን መታሰቢያ፣ በሌላ በኩል የዕውቀት ስጦታ ነበረ፤ ስጦታውን የተቀበለው ሕዝብ ግን የኀዘኑ ተካፋይ አልነበረም። ለብዙ ሱዳናውያን ጎርዶን የሞተበት ቀን ያሸነፉበት ቀን ነበረና።

ሁለተኛው ስም የራሱ የኪችነር ነው። ኪችነር መስከረም 2 ቀን 1898 ከኦምዱርማን አጠገብ ካረሪ በተባለ ስፍራ ከኸሊፋው ጦር ጋር ተዋጋ። መትረየስና አዲስ መድፍ የያዘ ጦር፣ አብዛኛው በጦርና በሰይፍ በሚዋጋ ሠራዊት ላይ ተኰሰ። በአንድ ቀን ጧት ከሱዳናውያን በኩል ከ10,000 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጦር የሞቱት 50 አይሞሉም። በሜዳው ላይ የቀሩት ቁስለኞች አያያዝና የመሐዲው መቃብር መፍረስ በእንግሊዝ አገር ሳይቀር ወቀሳ አስነሣ። በዚያ ጦርነት ላይ የነበረው ወጣት መኰንን ዊንስተን ቸርችል በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ የመቃብሩን መፍረስ ነቅፎ ጽፏል።

ኪችነር በኋላ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፣ ሰኔ 5 ቀን 1916 የተሳፈረባት የጦር መርከብ በፈንጂ ተመትታ ሰጠመችና ሞተ። ለእርሱ መታሰቢያ እንዲሆን በካርቱም የሕክምና ትምህርት ቤት ተሠርቶ በ1924 ተከፈተ፤ የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤትም ተባለ። የተማሪዎቹ መለማመጃ የካርቱም ሆስፒታል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1928 ወጡ።

የትምህርት ቤቱ ሥራ መልካም እንደ ነበረ መመስከር ተገቢ ነው። ሱዳናውያን ሐኪሞች በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው መካከል ተምረው ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው ሠርተዋል። አሕመድ ሐሺም አልባግዳዲ የተባለ በኦምዱርማን የሚኖር ነጋዴ ሀብቱን ለትምህርት ቤቱ ጥቅም ማዋሉ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። የጦር መሪው ስም በደጃፉ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ተማሪውን ከሚረዱት አንዱ ማዕረግ የሌለው ይህ ነጋዴ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ምሩቃን አንዱ ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ ነው። እርሱ በአእምሮ ሕክምና በአፍሪካ ስሙ የታወቀ ሐኪም ሆነ። ዛሬ በኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በእርሱ ስም ይጠራል። እንግዲህ የኪችነር ስም ከትምህርት ቤቱ ሲወርድ፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ ስም በሌላ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስም የሰር ሊ ስታክ ነው። ስታክ የሱዳን ጠቅላይ ገዥና የግብጽ ጦር ዋና አዛዥ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 1924 በካይሮ መንገድ ላይ በመኪና ሲሄድ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱም ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት የግብጽን መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ 500,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍልና የግብጽን ወታደሮች ሁሉ ከሱዳን እንዲያስወጣ አስገደደው። በካርቱምም ለሟቹ መታሰቢያ የስታክ የሕክምና ምርምር ላቦራቶር ተሠራ። በዚህ ላቦራቶር የካላዛርና የሌሎች በሽታዎች ጥናት ተደርጓል፤ በ1940 በኑባ ተራሮች የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም የላቦራቶሩ ሰዎች በምርመራው ደክመዋል። ሥራው ጠቃሚ፣ ሠራተኞቹም ትጉሃን ነበሩ። ነገር ግን የስታክ ሞት በካርቱም ሌላ ሞት አስከትሏል፤ ስለዚህኛው ሞት ለብዙ ዘመን ሰሌዳ አልተሰቀለም።

የግብጽ ጦር እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ፣ በዚያው ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ሱዳናውያን ወታደሮች በሁለት መሐላ መካከል ተያዙ። ኅዳር 27 ቀን 1924 የ11ኛው የሱዳን ሻለቃ ጦር ክፍል የሆኑ ወታደሮች መሣሪያቸውን ይዘው፣ በሰሜን ካርቱም ካሉት የግብጽ መድፈኞች ጋር ለመቀላቀል ከሰፈራቸው ወጡ። የጦር አዛዡን ሥራ ተክቶ ይሠራ የነበረው ሀድልስተን ወደ እነርሱ መጥቶ እንዲመለሱ አዘዛቸው። እነርሱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከግብጻዊው አዛዣቸው ብቻ መሆኑን መለሱ። ወዲያው ተኩስ ተከፈተባቸው። ይጠብቋቸው የነበሩት የግብጽ መድፈኞች ሳይተኩሱ ቀሩ።

ሌሊቱን የተረፉት በወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ መሸጉ። መሪያቸው የመቶ አለቃ አብደል ፈዲል አልማዝ ነበር። በማግሥቱ እንግሊዞች በጠመንጃ ሊያስወጧቸው ሞክረው ስላልሆነላቸው ሆስፒታሉን በመድፍ መቱት፤ አብደል ፈዲልም በዚያ ሞተ። በፍርስራሹ ሥር በመትረየሱ ላይ እንደ ተደፋ መገኘቱ በሱዳን ሕዝብ ዘንድ ሲወራ ይኖራል። ከተያዙት መኰንኖች ሦስቱ፣ ሐሰን ፈድል አልመውላ፣ ሳቢት አብደል ረሂምና ሱሌማን መሐመድ፣ በታኅሣሥ ወር በጥይት ተገደሉ። አራተኛው ዓሊ አልበና ሞቱ በእስራት ተለወጠለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊሸሸግ የማይገባ ነገር አለ። የታማሚዎች ቤት ምሽግ ሆኗል፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሞችም ተገድለዋል። ሰውን ለማዳን የተሠራ ቤት ለመግደያ ሲውል፣ የየትኛውም ወገን ጀግንነት ይህን ኀዘን አያስቀርም። ይሁን እንጂ የሱዳን ሕዝብ የመቶ አለቃውን ያስታወሰው ሐኪሞቹ ስለ ሞቱ አይደለም፤ ከወታደሮቹ ጋር እስከ መጨረሻው ስለ ቆየ ነው። የግብጽ መድፈኞች ቃላቸውን ሲያጥፉ እርሱ ቃሉን ጠበቀ። በኋላ ዘመንም በካርቱም አንድ የዓይን ሕክምና ቤት በስሙ ተጠራ። በሆስፒታል ውስጥ በመድፍ የሞተ ሰው ስም፣ ዕውር ለሚበራበት ቤት ስም መሆኑ ታሪክ ራሱን የካሰበት ያህል ነው።

ሱዳን በ1956 ነጻነቷን አገኘች። ከዚያ አስቀድሞ በ1951 የጎርዶን መታሰቢያ ኰሌጅና የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተዋሕደው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ ሆነው ነበር፤ በነጻነት ዓመት ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በ1958 መጨረሻ የጎርዶን በግመል ላይ የተቀመጠ ሐውልትና የኪችነር በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ከካርቱም አደባባይ ተነሥተው ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሱ። የስታክ ላቦራቶርም በኋላ የብሔራዊ የጤና ላቦራቶር ተባለ። ማንም ሰው ቤቶቹን አላፈረሰም፤ ማንም ሰው መጻሕፍቱን አላቃጠለም። የሱዳን ሕዝብ ቤቶቹን ወድዶ ያዘ፤ የመለሰው ስሞቹን ብቻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ስምን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መስቀል ይቻላል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማጽናት ግን አይቻልም። የሕክምና ቤት ባለቤት ደግሞ የሠራው ሳይሆን የሚታከምበት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ የውጭ አገር ሰው ስም ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። ለዚህም ምስክሩ ከዚያው ከካርቱም የተነሣ ሌላ ታሪክ ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደት ወደ ካርቱም መጡ። በሱዳንና በኬንያ ተበትነው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተሰበሰቡ፤ ከካርቱም በስተደቡብ በምትገኘው በሶባ ሰፈርም ለዘመቻ ሰለጠኑ። ሥልጠናውንና ዘመቻውን ከመሩት የእንግሊዝ መኰንኖች መካከል ኦርድ ዊንጌት ይገኝበታል። በ1924 በካርቱም የሱዳን ወታደሮችን ያስቆመው ሀድልስተን በዚህ ጊዜ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። ዊንጌት በ1936 ዓ.ም. መጋቢት ወር በበርማ ዘመቻ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በአዲስ አበባ በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ትምህርት ቤት ጄኔራል ዊንጌት ተባለ። መንግሥታት ሲለዋወጡ ብዙ ስም ተለወጠ፤ ይህ ስም ግን ቀረ። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ዊንጌት የመጣው ከአርበኛው ጋር ሊዘምት ነው፤ ስሙንም ያወጣችለት በዘመቻው የተካፈለችው አገር ናት።

የገዛ አገር መኰንኖች ስምም በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ላይ ይገኛል። ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞ ጦር አዛዥ ሆነው በ1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር ተዋጉ። የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላም አልተማረኩም፤ በጫካ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ደጃዝማች ባልቻ በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ክፉኛ ቆስለው የተገኙ፣ ታክመው በምኒልክ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ በመድፈኛነታቸው ስማቸው ተጠራ፤ በእርጅናቸው ዘመን ደግሞ ከፋሺስት ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ከሞት አፋፍ ተነሥቶ የዳነ ቁስለኛ ልጅ ስም በሆስፒታል ደጃፍ ላይ መጻፉ ምን ያህል የተስማማ እንደ ሆነ ለማሰብ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ወደዚያ ሆስፒታል የሚገባ ቁስለኛ፣ ስሙ ከበሩ በላይ የተጻፈው ሰው እንደ እርሱ በቃሬዛ ላይ የተኛ እንደ ነበረ ቢያውቅ ልቡ ይጽናናል። የሚያሳዝነው ግን ይህን ታሪክ የሚነግረው ሰው ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ብዙ ሰው «ባልቻ እሄዳለሁ»፣ «ራስ ደስታ ተኝቻለሁ» ይላል፤ ባልቻ ማን እንደ ነበሩ፣ ራስ ደስታ የት እንደ ወደቁ ሳያውቅ ታክሞ ይወጣል።

ስሙ የተስማማ፣ ባለቤቱም የታወቀ ቢሆን እንኳ ሌላ አደጋ አለ። በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ሻለቃ ዋልተር ሪድ በ1900 በኩባ የቢጫ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በምርመራ አረጋገጠ። ይህን አሳብ አስቀድሞ ያመነጨው ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ነበር። ሪድ በ1902 ሞተ፤ በ1909 በዋሽንግተን የተከፈተው የወታደሮች ሆስፒታል በእርሱ ስም ተጠራ። ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ስም አይገኝም፤ ሰውዬው ወታደርም ሐኪምም ነበርና። ነገር ግን በ2007 ከኢራቅ ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች ሻጋታና አይጥ ባለበት ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ፣ ጉዳያቸውም በወረቀት ብዛት እንደሚጓተት በጋዜጣ ተገለጠ። የሆስፒታሉ አዛዥ ከሥራው ተነሣ፤ የሠራዊቱ ሚኒስትርም ሥራውን ለቀቀ። ያን ጊዜ የዋልተር ሪድ ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ የተጠራው ስለ ትንኝ ምርመራው አልነበረም። ሻጋታው በእርሱ ዘመን ያልነበረ፣ እርሱም ያልፈቀደው ሲሆን፣ ነቀፌታው በስሙ ተጻፈ። ሙታን ስለ ራሳቸው መልስ መስጠት ስለማይችሉ፣ ስማቸውን የተበደረ ሁሉ የስማቸው ጠባቂ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ የቀድሞ ወታደሮችን ክሊኒክ በመኰንን ስም ለመሰየም የሚያስብ አስተዳደር ወይም ማኅበር ሊያስተውላቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ስሙን የሚያወጡት የሚታከሙበት ይሁኑ። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ ስም የሚሰጠው በምክር ቤት በሚወጣ ሕግ ነው፤ ይህም ጉዳዩ በአንድ ሹም ፈቃድ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ሕግ ባይኖር እንኳ የአርበኞችና የጡረተኛ ወታደሮች ማኅበራት ሊጠየቁ ይገባል። በኮርያ የዘመተው፣ በኦጋዴን የቆሰለው፣ ከአዛዦቹ መካከል ማን ቁስለኛ ሳያስነሣ ከሜዳ እንደማይሄድ፣ ማን ደግሞ የወታደሩን ስንቅ እንደ ነካ ያውቃል። የመኰንን ትክክለኛ ታሪክ በደረቱ ካለው ኒሻን ይልቅ በወታደሩ አፍ ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፤ የመኰንኑ ሥራ ከቤቱ ሥራ ጋር ይስማማ። በጦር ሜዳ ብዙ ሰው መግደል ለጦር ትምህርት ቤት ስም ይበቃ ይሆናል፤ ለሕክምና ቤት ግን የሚመረጠው ወታደሩን ያዳነ፣ ያሳከመ፣ ከጦርነቱም በኋላ የጡረታውን ደብዳቤ ይዞ በየቢሮው የተንከራተተለት ነው። የካረሪ ድል አድራጊ ስም በሕክምና ትምህርት ቤት ላይ መቀመጡ ከመጀመሪያው የማይገጥም ነገር ነበር።

ሦስተኛ፤ ከስሙ ጋር ታሪኩ ይጻፍ። በደጃፉ ላይ ማዕረግና ስም ብቻ ተጽፎ መቅረት የለበትም፤ ተራው ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ፣ በጥቂት መስመር፣ ሰውዬው ምን እንደ ሠራ በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከእርሱም ጋር የተራ ወታደሮች ስም ቢጻፍ እጅግ መልካም ነው። በካርቱም የጦር መቃብር ውስጥ ባለው መታሰቢያ ላይ፣ በ1940ና በ1941 በኤርትራና በኢትዮጵያ ዘመቻ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ስም ተቀርጿል። ከመኰንኑ ጀምሮ እስከ ተራው ወታደር በአንድ ግድግዳ ላይ ናቸው። ይህ ልማድ ለሕክምና ቤትም ይስማማል።

አራተኛ፤ ከስሙ ጋር መተዳደሪያ ይመደብ። ሰሌዳ ማሰቀል የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ መድኃኒት፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ሰው ሠራሽ እግርና የዓይን መነጽር ግን የየዓመቱ ወጪ ነው። የባግዳዲ ሀብት የኪችነርን ትምህርት ቤት እንደ ረዳው ሁሉ፣ ለቤቱ የማይቋረጥ ገቢ ያስቀመጠ ሰው ስሙ በደጃፍ ላይ ባይጻፍም የቤቱ እውነተኛ ደጋፊ ነው። በምረቃው ቀን ሪባን ቆርጦ የሄደ እንግዳ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ መሆኑን አያይም። ባዶውን መደርደሪያ የሚያየው በምርኩዝ ተደግፎ በወረፋ የቆመው ሽማግሌ ነው፤ የመኰንኑን ስም በምርቃት ወይም በእርግማን የሚያነሣውም እርሱ ነው።

የሕክምና ቤት ስም ለሟች የሚሰጥ ሽልማት መስሎ ይታያል። በእውነቱ ግን ሕያዋን በሟች ስም የሚገቡት ዕዳ ነው። «ይህ ቤት እንደ እገሌ ያለ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቤቱ እንደ እገሌ እንዲሆን ቃል ገብቷል። እገሌ ቁስለኛውን በጫንቃው ተሸክሞ ያወጣ ከሆነ፣ በእርሱ ስም በተጠራ ቤት ውስጥ አንድ ቁስለኛ በር ላይ ተቀምጦ «ነገ ተመለስ» ሊባል አይገባውም።

የካርቱም ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ2023 ሚያዝያ ወር በከተማዪቱ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተዋጊዎቹ አንዱ ወገን ብሔራዊውን የሕዝብ ጤና ላቦራቶር እንደ ያዘ፣ ሠራተኞቹንም እንዳስወጣ፣ በውስጡም የኩፍኝ፣ የኮሌራና የፖሊዮ ናሙናዎች ስላሉ ብርቱ አደጋ እንዳለ አስታወቀ። ይህ ተቋም በአንድ ዘመን በስታክ ስም ይጠራ የነበረው የላቦራቶር ወራሽ ነው። ከ99 ዓመት በፊት በዚያው ከተማ የወታደሮች ሆስፒታል ምሽግ ሆኖ ነበር፤ ከ99 ዓመት በኋላ ደግሞ የበሽታ መመርመሪያው ቤት የጦር ሰፈር ሆነ። ብዙ ሆስፒታሎችም ሥራቸውን አቋረጡ።

በእነዚያ ወራት በካርቱም የቆሰለ ሰው፣ ወታደርም ሆነ ነጋዴ፣ የፈለገው በበሩ ላይ የማን ስም እንዳለ አልነበረም። የፈለገው የተከፈተ በርና በውስጡ ያለ ሐኪም ነበር። እንግዲህ በአንድ በተከበረ መኰንን ስም የሕክምና ቤት የሚሰይም ሁሉ፣ ሰሌዳውን ከመስቀሉ በፊት በሩ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ይሥራ። በሩ ክፍት የሆነ እንደ ሆነ ስሙ ራሱን ያስጠብቃል።